«የጠገበ» ወይስ «የሚረጋ»? የስብ ስያሜዎችና የገላጭ ጽሑፍ ንባብ በአማርኛ ትምህርት

በአማርኛ «ስብ» የሚለው ቃል ሰሚውን ወደ ቤተ ሙከራ ሳይሆን ወደ በረት ይወስደዋል። ሥሩ የግእዙ «ሠብሐ» ነው፤ የጉሮሮው ድምፅ በአማርኛ ሲወድቅ «ሰባ» ቀረ። የሚሰባውም በሬ ነው፣ ሙክት ነው፣ ዶሮ ነው። ሰው አይሰባም፤ ሰው ይወፍራል። አንድን ሰው «ሰብቷል» ያለ ተናጋሪ ወይ ቀልዷል ወይ ተሳድቧል። እንግሊዝኛ የሚበላውን ስብና የበላተኛውን ውፍረት በአንድ ቃል ስለሚጠራ መምህራኑ ሁለቱን ለመለየት ብዙ ይደክማሉ። አማርኛ ይህን ድካም ለተናጋሪው አስቀርቶለታል። ስለ ምግብ ስብ በአማርኛ የሚያስተምር ሰው ከቋንቋው የሚያገኘው እርዳታ ግን እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስላል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ስያሜዎች ወይ ከውጭ የተገለበጡ ናቸው፣ ወይ ለሌላ ዘመን ችግር የተዘጋጁ ናቸው።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የዘይት ጀሪካን ላይ የተጻፈውን አንብቦ ለእናቱ ምን እንደሚል የሚወሰነው በክፍል ውስጥ በተሰጠው ቃል ነው። ገላጭ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ በሚታተምበት፣ በየቤቱ ዘይት የምትመርጠው እናት ደግሞ ሁለቱንም በማታነብበት አገር ተማሪው አንባቢ ብቻ ሳይሆን አስተርጓሚም ነው። ስለዚህ «ሳቹሬትድ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ምን ማለት ይሻላል የሚለው ጥያቄ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የውስጥ ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

ቋንቋው ራሱ ስብን እንዴት እንደሚከፋፍል አስቀድሞ መመልከት ይገባል። የአማርኛ የስብ ቃላት ብዙ ናቸው፤ የተደራጁበት መርህ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ ስቡ በእንስሳው አካል የሚገኝበትን ቦታ ይናገራሉ፦ «ሞራ» ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ነው፣ «ላት» የበጉ ጅራት ነው፣ «መቅኒ» በአጥንት ውስጥ ያለው ነው፣ «ጮማ» ከሥጋው ጋር የሚቆረጠው ነው። ሌሎቹ የአዘገጃጀትን ደረጃ ይናገራሉ፦ «ለጋ ቅቤ» እና «ንጥር ቅቤ» አንድ ነገር በሁለት ዕድሜው ነው። «ቅቤ»፣ «ቅባት» እና በ«ቅባ ኑግ» ውስጥ የሚገኘው «ቅባ» ደግሞ ሁሉም ወደ ግእዙ «ቅብእ» ይመለሳሉ፤ የግሱ ትርጉም መቀባት ነው። ይህ ማለት አማርኛ ቅቤን የሰየመው በአፍ ከሚገባው ይልቅ በራስና በገላ ላይ በሚደረገው ነው። «ቅባት» እስካሁን ድረስ የመድኃኒት ቤት፣ የመኪና ጥገናና የሥነ መለኮት ቃል ነው፤ በ«የቅባት እህሎች» ውስጥ ብቻ ወደ ገበታ ይቀርባል። «ዘይት» በግእዝ የወይራን ዘይት ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ከሱፍ የተጨመቀውንም ሞተር ውስጥ የሚገባውንም ያለ ልዩነት ይጠራል። በዚህ በኩል ከስዋሂሊው «ማፉታ» ጋር ይቀራረባል፤ ያም ቃል የምግብ ዘይትን፣ የእንስሳ ስብን፣ የፋኖስ ጋዝንና የመኪና ነዳጅን በአንድ ያቅፋል።

ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ በአካባቢው ቋንቋዎች መካከል የተጓዙ ናቸው። «ጮማ» እና «ሞራ» በኦሮምኛም አሉ፤ ኦሮምኛ ለቅቤ የራሱን «ዻዻ» ሲይዝ ትግርኛ ለተነጠረው «ጠስሚ» ይላል፣ ሶማሊኛ «ሱባግ» ይላል። በነገራችን ላይ ሞራን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው፣ «ሞራ ገላጭ» የሚባለው፣ ስብን እንደ ጽሑፍ ማንበብ በዚህ አካባቢ ከንጥረ ምግብ ሰንጠረዥ እጅግ የቀደመ ሙያ መሆኑን ያስታውሳል። የዚያ ንባብ ሰዋስው ግን ለዛሬው ትምህርት የሚያወርሰው ነገር የለም።

የቃላቱ ስሜት ግን ያወርሳል። በአማርኛ የሰባ ነገር የተከበረ ነገር ነው። ፍሪዳ የሚጣለው ለክብር እንግዳ ነው፤ ጮማ የሚቆረጠው በደስታ ቀን ነው፤ ደስ የሚል ወሬ «ጮማ ወሬ» ይባላል፤ ፊቱ ያማረ ሰው «ወዝ አለው» ይባላል። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚለው አባባል ሰውየውን የሚነቅፈው በጩቤው እንጂ በቅቤው አይደለም፤ ቅቤ እዚያም ቢሆን የመልካም ነገር ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለውን የስሜት ሀብት ይዞ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ «ስብ መጥፎ ነው» ሲባል ቢሰማ ዓረፍተ ነገሩን የሚረዳው እንደ ዕውቀት ሳይሆን እንደ ቁንጥጫ ነው። ደግሞም ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ በአግባቡ ወደ ሰውነት አይዘልቁም፤ ሊኖሌይክ የተባለውን ፋቲ አሲድ ሰውነት ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ነው። በገጠር በሽሮና በእንጀራ ለሚያድግ ልጅ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የስብ ማነስ እንጂ መብዛት አይደለም። በከተማ ደግሞ በተጠበሰ ነገርና በታሸገ ብስኩት የሚያድግ ሌላ ልጅ አለ። አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለሁለቱም ስለሚታተም ስያሜው ሁለቱንም ማገልገል አለበት።

ለረጅም ዘመን በትምህርት ቤት የተሰጠው አከፋፈል ሦስት ነው፦ ኃይል ሰጪ፣ አካል ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። ስብ የተመደበው ከኃይል ሰጪዎቹ ጋር ነው። አከፋፈሉ ውብ ነው፤ ሦስቱም ስሞች ከግስ የወጡ የአድራጊ ቅጾች ስለሆኑ ምግቡ የሚሠራውን ሥራ ይናገራሉ፣ ልጁም አይረሳቸውም። የተዘጋጀው ግን ለእጦት ነው። ጥያቄው «ምን ይጎድላል?» በሆነበት ዘመን ስብን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተት ጉዳት አልነበረውም፤ 1 ግራም ስብ ከየትም ይምጣ 9 ኪሎካሎሪ ይሰጣልና። በገላጭ ጽሑፍ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ስንት?» ብቻ ሳይሆን «ከስንቱ ውስጥ የትኛው ዓይነት?» ይላል። የሦስቱ ምድብ ትምህርት ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ቀርቶ ቃል እንኳ የለውም።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ትልቁ የምግብ አከፋፈል ደግሞ ጾምና ፍስክ ነው። ማንም ሳያስተምረው እያንዳንዱ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ያውቀዋል፤ በተግባርም በአገሪቱ ከማንኛውም የታተመ ገላጭ ጽሑፍ ይልቅ የሚነበበው መለያ እሱ ነው። ብስኩት የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው «የጾም ነው?» ብሎ ነው። አከፋፈሉ የምንጭ አከፋፈል ነው፦ ከእንስሳ የመጣው በአንድ ወገን፣ ከእፅዋት የመጣው በሌላ። ለታለመለት ዓላማ ፍጹም ትክክል ነው። ስለ ስብ ዓይነት ግን የሚናገረው ነገር የለም፤ ቢሆንም የሚናገር ይመስላል፤ ጾም የመታቀብ ቃል ስለሆነ «የጾም» የተባለ ምግብ ቀለል ያለ፣ ለሰውነት የሚስማማ ተደርጎ ይሰማል። ማርጋሪን «የጾም ቅቤ» ሲባል ስሙ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰጣል፣ የቅቤን ክብርና የጾምን ንጽሕና። የፓልም ዘይትም የጾም ነው። ከ100 ግራም የፓልም ዘይት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው፤ ከ100 ግራም ቅቤም እንዲሁ ግማሽ ያህሉ። በጾምና ፍስክ መዝገብ ሁለት ጫፍ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ነገሮች በንጥረ ምግብ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

አሁን ወደ ስያሜው። በክፍልም በጤና ትምህርትም ከሚሰሙት አተረጓጐሞች አንዱ «የጠገበ ስብ» የሚለው ነው፤ ተቃራኒው «ያልጠገበ ስብ» ነው። ምንጩ ግልጽ ነው። የላቲኑ ቃል ሥር ጥጋብ ነው፤ የዐረብኛው «ሙሸበዓ» ከመጥገብ ግስ የወጣ ነው፤ የዕብራይስጡ «ራቩይ» ከመርካት የመጣ ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሳቹሬትድ ስብ በበዛበት የታሸገ ምግብ ፊት ላይ ቀይ ምልክት እንዲታተም ስታደርግ በምልክቱ ላይ ያለው ቃል ይኸው ነው፤ ዕብራይስጥን በጎልማሳነት የተማሩ የአማርኛ ተናጋሪዎችም በየዕለቱ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያገኙታል። እንግዲህ አማርኛ «ጠገበ» ማለቱ ከጎረቤቶቹ የተለየ አላደረገውም። በሌላው ቋንቋ የሠራ ምሳሌ በአማርኛ ለምን አይሠራም ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይገባዋል።

መልሱ በከፊል የትርጉም፣ በከፊል የሰዋስው ነው። በትርጉም በኩል «ጠገበ» በአማርኛ የሆድ መሙላት ብቻ አይደለም፤ የጠባይ ቃልም ነው። የጠገበ ሰው ደፋር፣ ባለጌ፣ ሰው የማይፈራ ነው፤ ጥጋበኛ ከዚህ ይወጣል። ያልጠገበ ደግሞ የራበው ወይም የሚስገበገብ ነው። ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ጥሩ፣ አንዱን መጥፎ እንዲል ቢገደድ ቃሉ የሚመራው በየትም በኩል ሊሆን ይችላል፦ ጥጋብ በረከት ከሆነ የጠገበው ስብ የተሻለው ነው፣ ጥጋብ ብልግና ከሆነ የከፋው ነው። ምሳሌው ከኬሚስትሪው የሚያገናኝ ክር የለውም፣ ክሩ ተበጥሷልና። ሃይድሮጅን የጠገበ ማለት የካርቦን ሰንሰለቱ ሊሸከም የሚችለውን ሃይድሮጅን ሁሉ ይዟል፣ ድርብ ቦንድ የለውም ማለት ነው። «ሃይድሮጅን» የሚለው ተሳቢ ሲቀር የሚጠግበው ማን እንደሆነ፣ በምን እንደጠገበ አይታወቅም።

በሰዋስው በኩል ችግሩ የባሰ ነው። ሐረጉ እርግጠኛ ሲሆን «የጠገበው ስብ» ይሆናል። በ«የጠገበው» ላይ ያለው «-ው» መስተአምር ሊሆን ይችላል፤ የተሳቢ ተውላጠ ስም ቅጥያም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ንባብ የጠገበው ስቡ ነው። በሁለተኛው ንባብ ግን አንድ ሰው ወይም አንድ እንስሳ ስቡን እስኪጠግብ በልቷል፣ ስቡም የተበላው ነው። ይህ አሻሚነት በማንኛውም የአማርኛ አንጻራዊ ሐረግ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዐውዱ ያጠራዋል። እዚህ ግን ዐውዱ የምግብ ትምህርት ስለሆነ የተሳሳተውን ንባብ ያጠናክራል። ስብ የሚጠግብ ነገር አይደለም፤ የሚጠገብ ነገር ነው። ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ደግሞ ቃሉ ፈጽሞ ይሰበራል። ባለ አንድ ድርብ ቦንድ የሆነውን በዚሁ መንገድ ለመሰየም የሞከረ ሰው «በአንድ ቦታ ያልጠገበ ስብ» ለማለት ይገደዳል፣ እሱም በአማርኛ እንቆቅልሽ ነው።

እንግሊዝኛውን እንዳለ ተውሶ «ሳቹሬትድ» ማለት ከዚህ የተሻለ ነው የሚሉ አሉ። ቢያንስ አያሳስትም። ደግሞም ጽሑፉ በጀሪካኑ ላይ የሚገኘው በዚሁ ቃል ስለሆነ ተማሪው ያየውን ይለየዋል። ለእናቱ ግን የሚነግራት ነገር የለውም።

በገበያ የተወለደው ቃል ከሁለቱም ይበልጣል። የፓልም ዘይት ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ በብዛት መግባት ከጀመረና በሸማቾች ማኅበራት በኩል መከፋፈል ከያዘ ወዲህ የከተማ ሰው ዘይትን በሁለት ይከፍላል፦ «የሚረጋ ዘይት» እና «ፈሳሽ ዘይት»። ይህን አከፋፈል ያወጣ አካዳሚ የለም። ሴቶች ጠዋት ወጥ ቤት ገብተው ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ነጭ ሆኖ ሲያገኙት ያወጡት ነው። ከኬሚስትሪው ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ አስደናቂ ነው። ድርብ ቦንድ የሌላቸው ሰንሰለቶች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እንደ ተደረደረ ጭራሮ ይጠጋጋሉ፣ በቀላሉም ይረጋሉ። ድርብ ቦንድ ያላቸው በየቦንዱ ይታጠፋሉ፤ የታጠፈ ጭራሮ አይደረደርም፣ ስለዚህ ዘይቱ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ሳቹሬትድ ስቡ ከአምስት አንድ የማይሞላው የኑግ ዘይት በደጋ ብርድ ፈሳሽ ሆኖ ሲያድር ግማሹ ሳቹሬትድ የሆነው የፓልም ዘይት ነጭ ይሆናል። የወይራ ዘይት መካከለኛ ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይደፈርሳል። «ባለ አንድ» እና «ባለ ብዙ» የሚባሉት ያልጠገቡ ስቦች ልዩነት በዚህ መንገድ ያለ አዲስ ቃል በዓይን ይታያል።

የግሱም ርቢ ተባባሪ ነው። ረጋ፣ አረጋ፣ የሚረጋ፣ የማይረጋ፣ እንዲረጋ የተደረገ። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ ልጁ ሥሩን ከማጀት ያውቀዋል። ኦሮምኛም ለረጋ ወተት «ኢቲቱ» የሚለው ከዚሁ ከመርጋት ሐሳብ ነው፤ ስያሜው ወደ ጎረቤት ቋንቋ የክፍል ትምህርት ቢሻገር እንግዳ አይሆንም። የመዝገበ ቃላት ወግ ለሚወድ ሰው ደግሞ «ሟሚ» እና «አሟሚ» በተሠሩበት አኳኋን «ረጊ ስብ» ማለት ይቻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም ግን ትራንስ ስብን ለማስረዳት የሚሰጠው ነው። ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ ሃይድሮጅን በከፊል ተጨምሮበት እንዲረጋ ሲደረግ ከቀሩት ድርብ ቦንዶች አንዳንዶቹ ቅርጻቸው ይለወጥና ሰንሰለቱ እንደገና ቀጥ ይላል፤ ትራንስ ስብ ይህ ነው። በ«ጠገበ» ቋንቋ ይህ «ያልጠገበ ሆኖ እንደ ጠገበ የሚሠራ» ይሆናል፣ ተማሪውም ይጠፋል። በ«ረጋ» ቋንቋ ግን «በተፈጥሮው የሚረጋ» እና «በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንዱስትሪ የሚመረተው ትራንስ ስብ ከምግብ እንዲወገድ ጥሪ ሲያደርግ ያነጣጠረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ከዕለቱ ጠቅላላ ኃይል ከ1 በመቶ በታች እንዲሆንም ይመክራል።

ነገር ግን የገበያው ቃል የደጋ ቃል ነው። የፓልም ዘይት የሚቀልጠው በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ይረጋል፣ በድሬዳዋ፣ በመተማ፣ በአፋር ወይም በጅቡቲ ቀን ቀን ፈሳሽ ነው። በድሬዳዋ ያለ ተማሪ የሚረጋውንና የማይረጋውን በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም፤ ስለዚህ «የሚረጋ» የሚለው ቃል ለእሱ የታየ ነገር ስም ሳይሆን የተነገረው ነገር ስም ነው። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ከዚህም ሌላ ፋብሪካዎች የፓልምን ዘይት ከፍለው ፈሳሹን ክፍል ለብቻው ይሸጣሉ፤ ይህ ክፍል በመደበኛ የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ሳቹሬትድ ስቡ አሁንም ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ነጭ ሆኖ ያደረ ዘይት በውስጡ ስላለው ነገር እውነቱን ይናገራል፤ ፈሳሽ ሆኖ ያደረው ግን ምንም አላረጋገጠም። «ረጋ» በሰው ላይ ሲነገርም ምስጋና ነው፤ የረጋ ሰው አስተዋይ ነው፣ እርጋታም ምግባር ነው። ስለዚህ ይህም ቃል የራሱን የስሜት ጭነት ይዞ ይመጣል፣ ጭነቱ ከ«ጠገበ» ቢቀልም።

እነዚህ ጉድለቶች ቃሉን አያስጥሉትም፤ ቦታውን ይወስናሉ። «የሚረጋ ስብ» ተማሪው ወደ ፅንሰ ሐሳቡ የሚገባበት በር ነው፤ ዳኛው በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ሰንጠረዡን ማንበብ የሚያስፈልገውም ዓይን ስለማይበቃ ነው። ለድሬዳዋው ተማሪ ይህን መንገር ከደጋው ተማሪ ይልቅ ቀላል ነው፤ ዓይኑ ከመጀመሪያው አልረዳውምና።

ሰንጠረዡ እንደ ጽሑፍ ሲታይ እንግዳ ዘውግ ነው። ግስ የለውም። ዓረፍተ ነገር የለውም። ስሞችና ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ዝምድና የሚነገረው በአቀማመጥ ነው። በአሜሪካው ሰንጠረዥ ላይ ሳቹሬትድ ስብ ከጠቅላላ ስብ ሥር ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይጻፋል፤ ይህች ትንሽ ባዶ ቦታ «ከዚህ ውስጥ» ማለት ነች። የአውሮፓው ሰንጠረዥ ይህንኑ በቃል ይገልጻል። ባዶ ቦታውን ሳያነብ የሚያልፍ ተማሪ 14 ግራም ጠቅላላ ስብና 7 ግራም ሳቹሬትድ ስብ ሲያገኝ 21 ብሎ ይደምራል። ሰንጠረዡ በአማርኛ ሲዘጋጅ «ጠቅላላ ስብ፤ ከዚህ ውስጥ የሚረጋ» ብሎ መጻፍ ስሕተቱን ከመነሻው ያስቀረዋል፣ አማርኛ የክፍልና የሙሉ ዝምድናን በመስተዋድድ መናገር ይወዳልና። ቦታው ጠባብ ነው የሚለው የአታሚዎች ክርክር አያሳምንም፤ የሚጨመሩት ሁለት አጫጭር ቃላት ናቸው።

ከዚህ የሚከብደው የመጠን መለኪያው ነው። የአሜሪካው ሰንጠረዥ የሚናገረው ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚቀርበው ድርሻ ነው፤ ለዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ አምስት ሰው በሚበላበት ቤት ድርሻ የሚባል ነገር በግራም አይታወቅም። ጉርሻ መለኪያ አይደለም፤ ጉርሻ ፍቅር ነው። ዘይት በጭልፋ ወደ ድስት ይገባል፣ ወጡም ለሁለት ቀን ይበላል። በ100 ግራም የሚናገረው የአውሮፓ አሠራር ለዚህ ቤት የተሻለ ነው፤ ዘይትን ከዘይት ለማወዳደር ድርሻ ማወቅ አያስፈልግምና። የዕለቱን ጣሪያ ለማስተማር ግን ከማንኪያ መሸሽ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2000 ኪሎካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ ወደ 22 ግራም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የፓልም ዘይት ከ6 ግራም በላይ ይይዛል። ሦስት ማንኪያ የቀኑን ሊጨርስ ይቀርባል። ተማሪው ሂሳቡን በእናቱ ጭልፋ እንዲሠራ ቢታዘዝ፣ ጭልፋው ስንት ማንኪያ እንደሚይዝ ቤት ሄዶ ለክቶ ቢመጣ፣ መልሱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተሰጠው በተሻለ ያምነዋል።

ቁጥሩም ራሱ የሚናገርበት ወግ አለው። በአሜሪካ ደንብ በአንድ ድርሻ ውስጥ ከግማሽ ግራም በታች የሆነ ትራንስ ስብ «0» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በአንድ ድርሻ 0.4 ግራም ያለውን ብስኩት ሦስት ድርሻ የበላ ልጅ ከዜሮና ከዜሮና ከዜሮ 1.2 ግራም አግኝቷል። ይህን ለተማሪ ማስረዳት የቋንቋ ትምህርት ነው፤ «0» እዚህ ላይ ቁጥር ሳይሆን «ጥቂት» የሚል ቃል መሆኑን ማሳየት ነው።

ከሰንጠረዡ ውጭ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈውም ትችት ይገባዋል። በዘይት ዕቃ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ኮሌስትሮል በተግባር የእንስሳ ነገር ስለሆነ በየትኛውም የእፅዋት ዘይት ውስጥ ለቁጥር የሚበቃ መጠን አይገኝም። ስለዚህ አባባሉ ዘይቱን ከሌላ ዘይት አይለየውም። አድማጩ ግን «ነፃ» ከሚለው ቃል ሌላው ነፃ እንዳልሆነ ይገምታል፣ ሻጩም የሚፈልገው ይህን ግምት ነው። ፕራግማቲክስ የሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከመጽሐፍ አያገኝም። «የአትክልት ዘይት» የሚለው ትርጉምም እንዲሁ ያሳስታል። በአማርኛ አትክልት ጎመን፣ ካሮት፣ ሰላጣ ነው፤ አትክልት ተራ የሚሸጠው ነው። እንግሊዝኛው ቃል ግን ከእፅዋት የመጣውን ሁሉ ያጠቃልላል፣ የፓልምን ፍሬም ጭምር። «የእፅዋት ዘይት» ቢባል ቢያንስ የጎመኑ ምስል ይወገዳል፤ የየትኛው ተክል እንደሆነ መጻፍ ደግሞ ከዚያም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ውይይት በአማርኛ የሚካሄድበት ጊዜ አጭር መሆኑ መታወስ አለበት። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሰጥ ሳይንስ እንደ ክልሉ በ7ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይዛወራል። ድርብ ቦንድ የሚማሩት ከዚያ በኋላ ነው። ማለትም ልጁ ስለ ምግብ በአማርኛ ሲማር ኬሚስትሪው የለውም፣ ኬሚስትሪው ሲመጣ አማርኛው ይሄዳል። «የጠገበ» የሚለው ስያሜ ትርጉም የሚሰጠው ሃይድሮጅንን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስያሜው አያስፈልገውም። ሃይድሮጅንን ለማያውቀው የ5ኛ ክፍል ልጅ ግን የሚያስፈልገው በአማርኛ የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ ከቤት ጀሪካን ጋር የሚገናኝ ቃል ነው፤ ይህን ቃል ገበያው ቀድሞ አውጥቶታል። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች እስካሁን ያላነሡት ከሸማች አፍ የተገኘ ስለሆነ ከሆነ ምክንያቱ የሳይንስ አይደለም። እርጎም፣ ንጥርም፣ ለጋም ከዚያው አፍ የወጡ ናቸው።